እንኮዬ ጦጢትና የሞቱት አባቶች ቀለም

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ስጨርስ እመልስላችኋለሁ። እጃችሁን አልጠየቅኩም፤ ቆሎውን መብላት ትችላላችሁ።

በድሮ ጊዜ፣ ስሟ በጠፋ አንዲት አገር፣ ጅብና በግ ጎረቤት ነበሩ አሉ። እንዴት ሆኖ አትበሉኝ። ጎረቤት እንደሆነ በምርጫ አይገኝም።

በዚያች አገር ለተወለደ ልጅ ሁሉ መታቀፊያው አንድ ዓይነት ነበር። አመድማ፣ ወፍራም፣ በእንዶድ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ጨርቅ። ከቤት ቤት ስለሚዞር ዙሪት ይሉታል። የአንዷ ልጅ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር እናቱ ዙሪቱን ወንዝ ወርዳ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ አዲስ ወደ ወለደችው ጎረቤቷ ይዛ ትሄዳለች። ደፉ ላይ ቆማም፣ «የእኔን አሙቋል፣ ያንቺንም ያሙቅ» ትላለች። አራሷ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ «አሜን፣ ለቀጣዩም ይትረፍ» ብላ ትቀበላለች። አራሷ እስክታርፍም ጎረቤቶቿ ሕፃኑን በዙሪት እንደተጠቀለለ እየተቀባበሉ በደረታቸው ያሞቁታል። ደንቡ ይኸው ነበር። ወንድ ነው ሴት ናት ብሎ ለጨርቅ የሚጨነቅ አልነበረም። ከጎሽ ወንድ ልጅ ላይ የተነሣ ዙሪት ለበግ ሴት ልጅ ይሄዳል፤ ከእሷ ላይ ተነሥቶ ደግሞ ለነብር ልጅ ይሄዳል። የነብሩ ልጅ ሲሞቀው ይተኛል።

ከዙሪት ጋር የተጣላች አንዲት ፍጡር ብቻ ነበረች፤ እንኮዬ ጦጢት።

ጦጢት ቀለም ነካሪ ናት። ከደጇ ሁለት ትልልቅ ጋኖች ተቀምጠዋል። በአንዱ፣ ሥሩ ሲቀቀል ደም የሚመስል ቁጥቋጦ ቀቅላ ቀይ ታወጣለች። በሌላው፣ ቅጠሉ ሲዘፈዘፍ ሰማይ የሚመስል ሐረግ ዘፍዝፋ ሰማያዊ ታወጣለች። ለሠርግና ለበዓል የሚሆን ልብስ ነክራ ዋጋዋን በማር ትቀበላለች። ማር ከሌለ የበቆሎ እሸት፤ እሸትም ከሌለ ሐሜት ትቀበላለች። ሐሜት ግን ሆድ አይሞላም።

ያን ዓመት የአንበሳ ልጅ ልትዳር ነው ተባለና ጦጢት ጋኖቿን እስከ አፋቸው ሞላች። የሙሽራውና የሙሽሪት ቤተ ዘመድ ግን በሠርጉ ዕለት ማን ቀድሞ ያግሣ በሚል ተኳረፉና ሠርጉ ቀረ። ጋኖቹ እንደሞሉ፣ የጦጢት ሆድ እንደጎደለ ቀረ።

አንድ ጠዋት ከዛፏ ላይ ተንጠልጥላ ስታይ፣ በጊት የታጠበ ዙሪት ይዛ ወደ እመት ጅቢት ቤት ስትገባ ተመለከተች። እመት ጅቢት ወልዳ ነበር።

«ይኼ ቡትቶ!» አለች ጦጢት። «አያልቅ፣ አይቀደድ፣ አይሸጥ! የእንጀራዬ ጠላት እሱ ነው።» ይህን አለችና በጊት እስክትወጣ ጠብቃ፣ ከዛፏ ወርዳ፣ ጭራዋን አስተካክላ ወደ አራሷ ቤት ገባች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ እመት ጅቢት! ምን ወለድሽ?»

«ወንድ።»

«ወንድ!» ጦጢት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው የለበሰው?»

«ዙሪት ነዋ። በጊት አሁን አመጣችልኝ።»

«ከሴት ልጇ ላይ አንሥታ?»

«ከሴት ልጇ።»

«ውይ እኅቴ! የበግ ሴት ልጅ የተኛችበትን ለጅብ ወንድ ልጅ? ነገ ጎርምሶ፣ ጫካ መሀል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ "ባኣ" ቢልስ?»

እመት ጅቢት እንዲህ ያለ ነገር በሕልሟም አስባ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ልጇን አየችው። ልጁ አዛጋ። ማዛጋቱ ራሱ የበግ መሰላት።

«ምን ይሻለኛል?»

«ቀይ አልብሺው። ቀይ የወንድ ነው። እሳት ቀይ ነው፤ ደም ቀይ ነው፤ የተቆጣ በሬ ዓይኑ ቀይ ነው።»

«ማን አለ?»

«አባቶች።»

«የትኞቹ አባቶች?»

«የሞቱት።»

ከሞተ አባት ጋር ማን ይከራከራል? እመት ጅቢት ከቤቷ ጥግ የማር ቅሏን አነሣችና ለጦጢት ሰጠች።

ብዙም ሳይቆይ በጊት ደግማ ወለደች። ሴት። ጦጢት ገና የአራሷ እንቅልፍ ሳያልቅ ደፉ ላይ ተሰየመች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሴት ከሆነች ሰማያዊ ነው የሚያስፈልጋት፤ ሰማያዊ የሴት ነው። ሰማይ ጨዋ ነው፣ ድምፁን አያሰማም።»

«ሰማይ ያገሣ የለ እንዴ?» አለች በጊት።

«እሱ ደመናው ነው።»

«ማን አለ?»

«አባቶች።»

«የትኞቹ?»

«የሞቱት።»

በጊት የበቆሎ እሸቷን ቆጥባ ያስቀመጠችው ለራሷ ምሳ ነበር። ሰጠች።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ቀይ የለበሰው የጅብ ልጅ ማታ ማታ ይጮህ ጀመር። አገሩ ሁሉ፣ «አያችሁ! ቀዩ እኮ ነው!» አለ። ጅብ ከተፈጠረ ጀምሮ ማታ ማታ ሲጮህ እንደኖረ ያስታወሰ የለም። ሰማያዊ የለበሰችው የበግ ልጅ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ሣር ትነጭ ጀመር። «አያችሁ! ሰማያዊው እኮ ነው!» አለ አገሩ። በግ አንገቱን ቀና አድርጎ ሣር ሲነጭ አይተው የሚያውቁ ይመስል።

ያልተመቻቸው ልጆቹ ነበሩ። ወንዱ ጠቦት እሾህ ወግቶት ሲያለቅስ፣ «ቀይ ለብሰህ ታለቅሳለህ?» ይሉታል። የነብር ሴት ልጅ ዛፍ ስትወጣ፣ «ሰማያዊ ለብሰሽ ዛፍ? ውረጂ!» ይሏታል። እሷም ወርዳ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ፣ ቅርንጫፉን ሽቅብ እያየች ትውላለች። ነብር ዛፍ አትውጣ ከተባለ ምን ይሠራ? እኔ ስናገረው ያናድደኛል።

ጦጢት ግን ወፈረች። ድሮ በአንድ ዙሪት ስንት ቤት ልጅ ያሳድግ ነበር! አሁን የወንዱ ለሴቷ አይሆን፣ የሴቷ ለወንዱ አይሆን፤ በየቤቱ ቀይ ለብቻ፣ ሰማያዊ ለብቻ ሆነ። ዙሪቶቹም ተራ በተራ ለጋን መወልወያና ለቀዳዳ መወተፊያ ዋሉ። «የእኔን አሙቋል» ብላ የጎረቤቷን ደፍ የምትረግጥ እናት ጠፋች።

የአገሩ አዋላጅ እማማ ኤሊ ናቸው። ጅብም በግም በእሳቸው እጅ ነው ወደዚህ ዓለም የመጣው። አንድ ቀን አንድ አሮጌ ዙሪት ይዘው በጦጢት ደጅ ሲያልፉ ቆሙ።

«ልጄ ጦጢት፣ ይኼን ሁሉ ሕፃን ሳዋልድ ቀለም ይዞ የወጣ አላየሁም።»

ጦጢት ማር የነካ ጣቷን እየላሰች ሳቀች። «እማማ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ሳይደርሱበት ቀርተው ይሆናል። ይልቅ ያንን ቡትቶ ለበርዎ መወተፊያ ያድርጉት።»

እማማ ኤሊ አልተቆጡም። ዙሪቱን አጣጥፈው ቅርፋቸው ሥር ከተቱና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ታዲያ ምን ሆነ? አያ ጃርት መጣ። አያ ጃርት ሥር የሚባል ነገር ካገኘ አያልፍም። ሌት ሌት እየመጣ የቀዩን ቁጥቋጦ ሥር ከኮረብታው ላይ ጨርሶ ቆፈረው። ጦጢት ስትነሣ ኮረብታው ባዶ፣ ቀዩ ጋን ታች ድረስ ጎድሎ፣ ሰማያዊው ብቻ ሞልቶ ጠበቃት። በዚያው ሳምንት እመት ጅቢት ደገመች። አሁንም ወንድ።

ጦጢት ደጇ ላይ ተቀምጣ ራሷን አከከች። እንደገና አከከች። ከዚያ ሰማያዊ ጨርቅ ተሸክማ ሄደች።

«ምነው፣ ወንድ እኮ ነው የወለድኩት!» አለች እመት ጅቢት።

«ሰምቻለሁ። ሰማያዊ የወንድ ነው።»

«አምና ቀይ የወንድ ነው አላልሽኝም?»

«ቀይማ የሴት ነው። አበባ ቀይ ነው፤ ያፈረች ጉንጭ ቀይ ነው። ሰማይ ግን ከሁሉ በላይ ነው። ከሁሉ በላይ መሆን የሚወድ ማን ነው? ወንድ አይደለም?»

እመት ጅቢት ባሏን አሰበች። ልክ ነው። «ግን ማን አለ?»

«አባቶች።»

«የትኞቹ?»

«የሞቱት።»

«ያኔ ቀይ የወንድ ነው ያሉትስ?»

«እነሱም ሞተዋል» አለች ጦጢት ሳትደናገጥ። «እነዚህኞቹ ግን ቀድመው ነው የሞቱት።»

እመት ጅቢት አሰላሰለች። ቀድሞ የሞተ ይበልጣል። ማሯን ሰጥታ ሰማያዊውን ተቀበለች።

በማግሥቱ ወንዝ ዳር በጊትን አግኝታ፣ «ሰማያዊማ ከጥንትም የወንድ ነው። አያቴ ትለኝ ነበር» አለቻት።

«የእኔም አያት እንዲሁ ነበር የምትለው» አለች በጊት። የሁለቱም አያቶች ያደጉት በዙሪት ነበር።

በጊት ያን ቀን ከወንዝ ስትመለስ ለልጇ ቀይ ፍለጋ ጦጢት ቤት ጎራ አለች። የልጇ ሰማያዊ በአንድ ሌሊት የወንድ ሆኖባታል። ጦጢት ከቀዩ ጋን ታች የቀረችውን ጭላጭ በውሃ አበዛችና ጨርቁን ነከረች። ሲወጣ ፈዞ ሮዝ ሆኖ ወጣ።

«ፈዘዘሳ!»

«አልፈዘዘም፤ ለሰለሰ። የሴት ቀይ እንዲህ ነው።»

«ማን…» አለች በጊት። ከዚያ ራሷን ገታች። ጦጢት አፏን ከመክፈቷ በፊት ራሷው መለሰች፤ «አባቶች ይሆናሉ።»

ጦጢት ያን ማታ እየሳቀች ተኛች። ሥራው ቀለለ፤ ውሸቱን አሁን ገዢዎቹ ራሳቸው ይጨርሱላታል። ሆዷም ገፍቶ ነበር። የማሩ ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካስ አርግዛለች።

ጦጢት የወለደችው በሐምሌ ነው። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲወርድ፣ ወንዙ ሞልቶ የሰማያዊውን ሐረግ ከነሥሩ ጠርጎ በወሰደበት ቀን። ያን ክረምት ወንድ ልጅ በርክቶ ስለነበር ሰማያዊው ጋን ተሟጧል፤ ሰማያዊ ጨርቅ በሙሉ ከሄደ ቆይቷል። ስስቷ ያሸነፋት ጦጢት የራሷን መኝታ ጨርቅ ሳይቀር ነክራ በማር ለውጣለች። በቤቷ የቀረ አንድ ጨርቅ ነው፤ ያም ሮዝ ነው። እማማ ኤሊ ተጠርተው መንገድ ጀምረዋል፤ ኤሊ መንገድ ጀመረች ማለት ግን ደረሰች ማለት አይደለም። ጦጢት ብቻዋን አምጣ ብቻዋን ወለደች። ወንድ።

ምጡ አድክሟት ሰውነቷ እንደ ጭቃ ቀዝቅዟል። ልጁን ደረቷ ላይ ብታደርገው የምትሰጠው ሙቀት አልነበራትም። በሮዙ ጨርቅ ጠቅልላው በሩን በሩን ታይ ጀመር። እልል ያለላት ባይኖርም ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤቶቿ መጡ። እመት ጅቢት ከፊት፣ በጊት ከኋላ። ደፉ ላይ ቆሙ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ ጦጢት! ምን ወለድሽ?»

«ወንድ» አለች ጦጢት በደከመ ድምፅ።

«ወንድ!» እመት ጅቢት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው የለበሰው?»

«ጨርቅ ነው። እባክሽ እመት ጅቢት፣ በርዶታል፤ ተቀበዪኝና እቀፊው።»

«እኔ የወንዶች እናት ነኝ እኅቴ። የሴት ቀለም የለበሰ ወንድ ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ነገ የእኔዎቹ ወደ ሴትነት ቢገለበጡስ?»

«አይገለበጡም! ቀለም ምንም አያደርግም!»

«ማን አለ?»

«እኔ!» ጦጢት በክርኗ ተደግፋ ተነሣች። «እኔ ነኝ ያልኩት! ሁሉንም ያልኩት እኔ ነኝ! ቀዩንም ሰማያዊውንም ከራሴ ነው ያመጣሁት። ርቦኝ ነበር፤ ጋኔ ሞልቶ ነበር። ሮዙም በውሃ የቀጠነ ጭላጭ ነው። እንዲህ ያሉ አባቶች አልነበሩም!»

በጊት በኀዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «ምጥ አናውዟት ነው፤ አትፍረጂባት» አለች ለእመት ጅቢት።

«እውነቴን ነው!»

«ጦጢት እኅቴ» አለች እመት ጅቢት፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «እንመንሽስ ብንል እንዴት እንመንሽ? አንቺ እኮ አልሞትሽም።»

ጦጢት ሮዙን ጨርቅ ከልጇ ላይ ገፍፋ ወረወረችው። «ይኸው! ራቁቱን ውሰጂው!»

«አንዴ ነክቶታል» አለች እመት ጅቢት።

ክፉዎች አልነበሩም። ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ነበር የቆሙት። እግራቸው ግን ደፉን አልተሻገረም። በረዶው ጣራውን ይደበድባል፤ የልጁ ለቅሶ እየቀጠነ ሄደ። ጦጢት ከሆዷ አጣብቃ ያዘችው። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም። እንደዚያ ቀንም አፍራ አታውቅም፤ ምክንያቱም ከልጇና ከሞት መሀል የቆመው ነገር የራሷ አፍ የሠራው ነበር።

ከውጭ አንድ ነገር ጭቃውን ሲጎትት ተሰማ። እማማ ኤሊ ናቸው። ሁለቱን እናቶች በመሀል ሰንጥቀው ገቡ፤ ከቅርፋቸው ሥር ያን አመድማ ዙሪት አወጡ። ደረቅ ነው። ሞቃት ነው። ልጁን ከጆሮው እስከ ጭራው ጠቀለሉት።

«እማማ» አለች በጊት ከደፉ ላይ፣ «ወንድ ይሁን ሴት ጠይቀዋል?»

«እሱ ይቆየኝ» አሉ እማማ ኤሊ። «ሲሞቀው ራሱን እንጠይቀዋለን።»

ልጁን እያሹ እያቀፉ ቆዩ። ልጁ መጀመሪያ አስነጠሰ፤ ከዚያ አገር እስኪበጠበጥ አለቀሰ። እማማ ኤሊ ወደ እናቱ ዘወር አሉ። «የእኔን አሙቋል፣ ያንቺንም ያሙቅ» አሉ።

ጦጢት፣ «አሜን፣ ለቀጣዩም…» አለችና ቀና ብላ በሩን አየች። እመት ጅቢትም በጊትም ዙሪቱን እንደ ነውር ነገር በሩቁ እያዩት ነበር። ቀጣዩን የምትቀበል እናት አልነበረችም። «ይትረፍ» የሚለውን ቃል ሳትጨምር ጦጢት አለቀሰች።

ልጁ አደገ። ጦጢትም ዝናቡ እንዳባራ ሁለቱንም ጋኖች ሰበረች። ቀለሙ ያከትማል ብላችሁ ነው? በቀጣዩ ገበያ አያ ጃርት አዲስ ጋን ደርድሮ ተገኘ፤ ከቆፈረው ሥር ሳይበላ ያስቀመጠው ነበር ለካ። ደንበኞቹ «ማን አለ?» ብለው እንኳ አልጠየቁትም። ጦጢት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች፣ «ውሸት ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት!» ብላ ብትጮህ፣ ከሥር የሚያልፈው ሁሉ፣ «ይቺ ጦጣ ደግሞ ምን ትንጫጫለች» ብሎ አለፈ። እስከ ዛሬም መንገደኛ ባየች ቁጥር ትንጫጫለች። እስከ ዛሬም ልጇን ጨርቅ አታስነካውም፤ ራቁቱን ሆዷ ላይ ለጥፋው ትሄዳለች።

ይኸው ጆሯችሁን መለስኩ። ቆሎውን ጨርሳችሁታል፤ ማን ነው የጨረሰው ብል ደግሞ አባቶች እንዳትሉኝ።

ውሸት ሲያረጅ አባት ይባላል፤ የወለደችው ብትክደው ማን ይሰማታል።